ከነጩ ጽጌረዳ ሥር የወጣው አፈር

ጎረቤቴ ክላሪ የሚጣል ነገር አይወድም። በሁዎን ወንዝ ዳር የወደቀ ሚስማር ካለ አቃንቶ ኪሱ ይከተዋል። የቤተ ክርስቲያናችንን የመታሰቢያ አትክልት ቦታም ሚስቱ ካረፈች ወዲህ የሚንከባከበው እሱ ነው። ግትር ነው እንጂ ልቡ ንጹሕ ነው።

እኛ ዘንድ አስከሬን ይቃጠላል፤ አመዱም በሣጥን አይቀበርም። ጽጌረዳ ሥር ይቆፈርና እንዲሁ ይፈስሳል፤ ስሙ ግድግዳው ላይ በናስ ይጻፋል፣ ቦታው ግን ምልክት የለውም። የምእመናችን የዳልሲ ባል ሌስ ሲቀበር ክላሪ ጉልበቱን ሊታከም ሆባርት ከተማ ነበር። ሲመለስ ነጩ ጽጌረዳ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ጠበቀው። "አፈሩ ተበላሽቷል" አለና ቆፍሮ አውጥቶ አዲስ ሞላበት። አሮጌውን ለመጣል መቼ አንጀቱ ይችላል! በእጅ ጋሪ ቤቱ ወስዶ ዱባ ተከለበት።

ዱባው ጉድ ሆነ። በመኸር ምስጋና ዕለት መሠዊያው ሥር ተቀመጠ፣ ከቅዳሴ በኋላም ሾርባ ሆኖ ሁላችንም ጠጣነው። ዳልሲ ደግማ ጠጣች።

"ክላሪ፣ ምን አብልተኸው ነው እንዲህ የጣፈጠው?" አለችው። መልሱን ሳትጠብቅ ደግሞ "አደራህን፣ እኔንም ነጩ ጽጌረዳ ሥር፣ ከሌስ ጎን ቆፍረህ አስገባኝ። ሐኪሙ ክረምቱን መዝለቅሽን እንጃ ብሎኛል" አለች።

ክላሪ ክው አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግብ አልበላ አለው። ዳልሲ እሁድ እሁድ ጽጌረዳው ፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ "ሌስ፣ ዛሬስ ይበርዳል" እያለች ለጽጌረዳው ስታወራ ይሰማታል፤ እኔ ቤት መጥቶ ያለቅሳል።

"ብነግራት ትሞታለች" አለኝ።

"ባትነግራትስ ትኖራለች እንዴ? አንተ ሰውዬ፣ በቁሟ ታታልላታለህ?" ብዬ ጮህኩበት። ተናድጄ ነበር።

በማግስቱ እሁድ ባርኔጣውን አውልቆ ፊቷ ቆመ። እኔም አጠገባቸው ነበርኩ።

"ዳልሲ፣ ሌስ እዚህ የለም።"

"አውቃለሁ፣ ሰማይ ቤት ነው።"

"አይደለም። እኔ ቤት ነው።"

ሁሉንም ነገራት። ዳልሲ ሳቀች፤ እስኪያስላት ሳቀች። ከዚያ ፊቷ ጠቆረ።

"ታዲያ እስከ ዛሬ ከማን ጋር ነው ሳወራ የከረምኩት?"

"ይቅር በይኝ።"

"ዛሬ አልችልም" ብላ ምርኩዟን ይዛ ሄደች።

ክላሪ ያን አፈር ከዱባው ሥር እስከ መጨረሻው እፍኝ ዝቆ ወደ ነጩ ጽጌረዳ መለሰው። በጉልበቱ እያነከሰ ጋሪውን ሲገፋ ዳልሲ ካግዳሚው ላይ ሆና ታየዋለች። "ቀስ በል" አለችው፤ "ሌስ መንገጫገጭ አይወድም።"

ክረምቱ ሳይወጣ ሞተች። ይቅር ብዬሃለሁ የሚል ቃል ከአፏ እንደሚወጣ ክላሪ እስከ መጨረሻው ሲጠብቅ ነበር፤ አልወጣም። ጉድጓዷን ከሌስ ጎን ራሱ ቆፈረ፤ ማንንም አላስነካም።

በዚህ ጸደይ ነጩ ጽጌረዳ እንደገና ቢጫ ሆኗል። ክላሪ በየቀኑ መጥቶ አካፋውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ያየዋል።

ትናንት "ክላሪ፣ ሊደርቅ ነው እኮ፤ አንድ ነገር አታደርግለትም?" አልኩት።

"ይድረቅ" አለኝ።