አርባዎቹ ውህዶች

ታላቅ ወንድሜን ካላዛር የሚሉት በሽታ የያዘው ከአገራችን ከድብ ባሕር ወርዶ መተማ ቆላ ሰሊጥ ሲያጭድ ነው። ጣፊያው አብጦ መጣ። መርፌውን ጨርሶ ዳነ ተባለ፤ በዓመቱ አገረሸበት። ደግመው ቢወጉትም መድኃኒቱ አልሠራ አለ። ማራኪ ሰፈር፣ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ በተከራየኋት ክፍል አልጋዬን ለቀቅኩለት። እኔም በዚያው ሰሞን ለሁለተኛ ዲግሪዬ የካላዛር መድኃኒት በኮምፒውተር እፈልግ ነበር።

መጀመሪያ መድኃኒቱን የሚፈልግልኝን ፕሮግራም መፈተን አለብህ ተባልኩ። በሽታውን እንደሚያጠቁ አስቀድሞ የታወቁ የኬሚካል ውህዶችን ከብዙ ሺህ ከማይረቡት ጋር ደባልቄ፣ የታወቁትን ለይቶ ወደ ላይ ያወጣቸው እንደሆነ አያለሁ። ይህን ከቻለ አዲስ መድኃኒትም ያገኛል ብዬ ነው። አርባ አወጣ። ደስታዬን መያዝ አቅቶኝ ወደ ክፍሌ ሮጥኩና ለወንድሜ አርባ አገኘን አልኩት። ገና ፈተና መሆኑን መች አስረዳሁት!

«ከአርባ አንዱ መቼም አይጨክንብኝም» አለ። ያን ቀን ምሳውን ጨረሰ።

አማካሪዬ ኮስታራ ሴት ናቸው። ዝርዝሩን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡና፣ «እናንተ አገር ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠር የለም? እነዚህን ለምን አልቆጠርካቸውም?» አሉኝ።

ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። የእያንዳንዱን ውህድ ቅርንጫፍ መልምዬ ግንዱን ብቻ ሳስቀር፣ የሁሉም ግንድ አንድ ሆነ። አርባውም ወንድሜን አልፈውስም ያለው መርፌ ዘመዶች ናቸው። ከታወቁት መካከል ከሌላ ዘር የሆኑትን ፕሮግራሙ ከማይረቡት ጋር ታች ጥሏቸዋል። የሚያውቀውን ቤት እንጂ ሌላ ደጅ አያንኳኳም። ሽማግሌዎች ዘር ሲቆጥሩ እየሰማሁ ያደግኩ ሰው፣ ቤት መቁጠር ትቼ ራስ ቆጠርኩ። አፈርኩ። ከዚያ ወዲያ ፕሮግራሙን ብለውጥም፣ ባስተካክልም ሁለት ቤት ቢያገኝ ነው።

አማካሪዬ ግን ተስፋ አልቆረጡም፤ አለመቻሉን በደንብ መለካትም ውጤት ነው አሉ። ውጤት የሆነው ለእሳቸው ነው።

ከአፍ የወጣ ግን አይመለስም። ወንድሜ አንድ ጠዋት፣ «እነዚያ አርባዎቹ ምነው ዘገዩ?» አለኝ። ሁሉም የመርፌው ዘመዶች መሆናቸውን ነገርኩት።

«እንግዲያ ያው አንዱ አርባ ጊዜ እምቢ አለኝ በለኛ» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

በማግስቱ ወደ ድብ ባሕር አሳፈርኩት። ስለ መድኃኒት ዳግም አላነሳብኝም። የሞተ ዕለት እኔ ማተሚያ ቤት ቆሜ የመመረቂያ ጽሑፌን አስጠርዝ ነበር።