የገመቹ ሚግና ቀይ ጨርቋ

ዛሬ ባለቤቴ ገመቹ የገጣጠማትን የፕላስቲክ ሚግ ጄት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ «በይ አርሚልኝ» ብሎ እንደ ተማሪ ቆመ።

በደርግ ጊዜ ደብረ ዘይት የተዋጊ ጄት መካኒክ ነበር። ያኔ ከጄቷ ጋር የተነሳውን ፎቶ ከሞዴሏ ጎን አድርጌ በማስመሪያ ለካሁ። ክንፏም ጅራቷም ትክክል ነው።

ማጣበቂያው ጎኗ ላይ ተንጠባጥቧል፤ እንዳላየሁ አለፍኩ። (የድሮ ተማሪዎቼ ይህን አያምኑም።)

«አንድ ነገር ጎድሏታል» ስለው ፊቱ ጠቆረ።

መሬት ላይ ስትቆም አፍንጫዋ ላይ የሚታሰረው ቀይ ጨርቅ! ያኔ ከቀሚሴ ቀድጄ፣ እዚሁ አምቦ ሰፍቼ ደብረ ዘይት የላክሁለት።

«አንቺ፣ እሱ ካልተፈታ እኮ አትበርም!»

«እንዳንተ ጡረታ ወጥታለች፤ እሰርላት!»

እየሳቀ ቀይ ክር አሰረላት። ሙሉ ማርክ ሰጠሁት።

እናንተስ ቤት የድሮ ሥራውን በትንሹ መልሶ የሠራ አለ?