አራት ካሜራና አንድ ትንሽ ሃርድ ዲስክ

ጎረቤቶቼ ያንን የካሜራ ነገር ሲያወሩ ሁልጊዜ ከመጨረሻው ይጀምራሉ፤ ለመሳቅ ስለሚቸኩሉ ነው። እኔ ግን ከመጀመሪያው ልጀምር። መጀመሪያው ላይ እጅግ ጎበዝ ነበርኩ።

ማንም አላስተማረኝም። ጎንደር ሳለሁ ባለቤቱ የጣለውን የሞተ ሬዲዮ ፈትቼ፣ ገጥሜ፣ እንደገና ፈትቼ አናግሬዋለሁ። አሽቀሎን መጥቼ ፕላስቲክ ፋብሪካ ስገባም ማሽኑ ሲቆም ቴክኒሻኑ እስኪመጣ እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ ከቆሻሻ ገንዳ አጠገብ የተጣለ ኮምፒውተር ተሸክሜ ቤት ገባሁ።

«ሌላው ሰው ጡረታ ሲወጣ ያርፋል» አለች ሚስቴ። «አንተ ቆሻሻ ትለቅማለህ።»

በሁለት ወሩ ኮምፒውተሩ ሠራ። እሷ ግን ቃሏን አላነሳችም።

የምንኖርበት ሕንጻ ከሚግዳል ገበያ በእግር አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። ከሁለት ቤተሰብ በቀር ነዋሪው ሁሉ የጎንደር ሰው ነው። ከደረጃው ሥር የሚቀመጥ ብስክሌትና የሕፃን ጋሪ መጥፋት ሲጀምር የሕንጻው ኮሚቴ ስብሰባ ጠራ። ካሜራ የሚተክል ድርጅት ያቀረበው ዋጋ ሲነበብ ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። እኔ ተነሥቼ ቆምኩ።

«ካሜራ ማለት ዓይን ነው፤ ኮምፒውተር ማለት ጭንቅላት ነው» አልኩ። «ጭንቅላት ደግሞ ከእኔ ዘንድ አለ። እኔ እሠራዋለሁ።»

ከሁሉ በላይ የነገሩ ባለቤት መሬት ቤት የሚኖሩት እትዬ ነበሩ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከእኔ በጥቂት ዓመት የሚበልጡ ሴት ናቸው፤ እግራቸውን ያማቸዋል። ወደ ክሊኒክም ወደ ገበያም የሚሄዱት በካልኖዒት ነው፤ እዚህ አገር አረጋውያን የሚነዷት ባለአራት ጎማ የኤሌክትሪክ መቀመጫ ናት። ናታንያ የምትኖረው ሴት ልጃቸው ብቻቸውን መኖራቸውን አትወድም፤ «እኔ ጋ ትገቢያለሽ» እያለች ዘወትር ትጨቀጭቃቸዋለች። በመጨረሻ የተስማሙት እንዲህ ብለው ነው፦ ካልኖዒቷ እስከሠራች ድረስ እትዬ ከቤታቸው አይወጡም። ካልኖዒቷ የቀረች ዕለት ሻንጣ ይታሰራል።

ስለዚህ እትዬ በየማታው ከደረጃው ሥር ጎንበስ ብለው፣ እያቃሰቱ፣ ወፍራም ሰንሰለት በጎማዋ ያዞሩ ነበር። አንድ ማታ አጠገባቸው ቆሜ እንዲህ አልኳቸው፦

«ካሜራዬ ሲተከል ይኼን ብረት ይጥሉታል፣ እትዬ። ዓይኔ ካልኖዒትዎ ላይ ነው።»

«አንተ ከራስህ ሌላ የምታየው ነገር አለ?» አሉኝ።

አሁን ወደ ምርጫው ልግባ። አንድ ወር ሙሉ መዝገበ ቃላት ጭኔ ላይ አድርጌ ኢንተርኔት ላይ የባለሙያዎችን ክርክር አነበብኩ። አራት ካሜራ፦ አንዱ ለመግቢያው በር፣ አንዱ ለደረጃው ሥር፣ አንዱ ለመኪና ማቆሚያው፣ አንዱ ለጓሮው። አራቱንም ገመድ የሚቀበል አንድ ካርድ ኮምፒውተሩ ውስጥ ይሰካል። ከዚያ ምስሉን የሚያላምጠው ፕሮሰሰር፣ የተላመጠውን የሚያከማቸው ሃርድ ዲስክ። ፕሮሰሰሩ በሬው ነው፤ ሃርድ ዲስኩ ጎተራው ነው። እኔ ደግሞ የበሬ አፍቃሪ ነኝ።

የጎተራውን ልክ ለማወቅ ግን ጥሩ ዘዴ ነበረኝ። ካሜራው ሰው ሲንቀሳቀስ ብቻ እንዲቀርጽ፣ በሩ ባዶ ሲሆን እንዲያርፍ ማድረግ ይቻላል። እንግዲህ መታወቅ ያለበት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንድ ሰው በበር ለማለፍ ስንት ጊዜ ይፈጅበታል? ሌላው ይገምታል። እኔ እለካለሁ። ደብተርና ሰዓት ይዤ ወረድኩ።

የእኛ ሕንጻ አግዳሚ ወንበር ፀሐይ ላይ ነው። ከመንገዱ ማዶ ያለው ሕንጻ ወንበር ግን ትልቅ ዛፍ ሥር ነው። በር በር ነው ብዬ እዚያ ተቀመጥኩ። እዚያ የሚኖሩት ከሩሲያ የመጡ ሰዎች ናቸው። ሰውየው ይመጣል፣ በሩን ይከፍታል፣ ይገባል፤ ስምንት ሰከንድ። ሴትዮዋ ትወጣለች፣ ትሄዳለች፤ ሰባት ሰከንድ። ሁለት ሰዎች በር ላይ ተገናኙ፤ አንዱ ራሱን ነቀነቀ፣ ሌላውም ነቀነቀ፤ አሥር ሰከንድ። እስኪመሽ ድረስ መዘገብኩ። በስሌቴ መሠረት ትንሹ ዲስክ ከአንድ ወር በላይ ይይዛል።

ሚግዳል ውስጥ ያለው የኮምፒውተር ሱቅ ሻጭ ዝርዝሬን አይቶ ዓይኑን አሻሸ።

«ሳባ» አለኝ፤ አያቴ ማለቱ ነው፤ «ይኼ ፕሮሰሰር ለአንተ ሥራ ይበዛል። አነስ ያለውን ውሰድና ዲስኩን ትልቁን አድርገው።»

«ለክቻለሁ» አልኩት።

«ምን ለካህ?»

«ሰው ለካሁ።»

ትንሽ አየኝና ትንሹን ዲስክ አወረደልኝ። ኮሚቴው ከሰጠኝ ገንዘብ በተረፈው ሰማያዊ መብራት የሚያበራ ሳጥን ገዛሁ። መብራቱ ምንም አይሠራም። ግን ያምራል።

ኮምፒውተሩን ገጥሜ መኝታ ቤታችን ጥግ አስቀመጥኩት፤ ማራገቢያው ሲጮህ ሚስቴ ወፍጮ ቤት አስገባኸኝ አለች። ካሜራዎቹ ተሰቀሉ፣ ገመዱ ተዘረጋ፣ ጎረቤት ሁሉ ተራ በተራ መጥቶ ራሱን በስክሪን አየ። ምስሉ ትንሽ ይዘላል። የገዛሁት ካርድ ያለችውን ጉልበት ለአራት ካሜራ ስለሚያካፍል ሰው አንድ ጊዜ በሩ ላይ፣ አንድ ጊዜ ደረጃው ላይ ነው፤ መካከሉ የለም።

«የዚህ ሕንጻ ሰው እንደ ፌንጣ የሚዘለው ከመቼ ወዲህ ነው?» አለች ሚስቴ።

እትዬ ግን አመኑኝ። በማግስቱ ሰንሰለቱን አንስተው እቤታቸው አስገቡት። ቀረጻው ወደ ኋላ ስንት ቀን እንደሚሄድ አንድ ቀን እንኳ ከፍቼ አላየሁም። ስሌት የሠራ ሰው ምን ያረጋግጣል? ማረጋገጥ ለማያውቅ ሰው ነው።

ሁለት ወር ያህል በሰላም አለፈ። ከዚያ ቂርያት ጋት የሚኖሩት የእትዬ ወንድም አረፉ። እትዬ የሐዘኑን ሰባት ቀን እዚያ ተቀመጡ፤ በስምንተኛው ቀን ልጃቸው በመኪና አመጣቻቸው። ከደረጃው ሥር ካልኖዒቷ የለችም።

ወሬው በአንድ ጊዜ አራቱን ፎቅ ወጣ። ሰው ሁሉ ወረደ። ለወንድማቸው ለቅሶ ያልደረሰ ብዙ ነበርና መጀመሪያ ለቅሶ ተለቀሰ፤ እያንዳንዱ ሰው ተራውን ጠብቆ እትዬን አቀፈ፣ ትከሻ ሳመ፣ አጽናና። ከዚያ ስለ ካልኖዒቷ ተለቀሰ። ልጃቸው ግን አላለቀሰችም።

«እማ፣ በቃ» አለች። «ቃልሽ ቃል ነው። ዛሬ ልብስሽን እናዘጋጃለን።»

እትዬ ቀና አሉ። እኔን አዩኝ።

ሁለተኛው ደረጃ ላይ ወጣሁ። ሰው ዝም ሲል ደስ ይለኛል። «ማንም አይሸበር» አልኩ። «ሌባው በእጃችን ነው። ፊቱን ብቻ አይደለም፣ ጥርሱን ቆጥሬ አሳያችኋለሁ።» ከዚያ ካሜራው እንዴት እንደሚሠራ ማስረዳት ያስፈልግ ነበር። ስለ ፕሮሰሰሩም አስረዳሁ። አንድ ሰው ጠየቀኝ፣ መለስኩ። ምናልባት ሦስት ሩብ ሰዓት ተናግሬያለሁ፤ ሚስቴ አንድ ሰዓት ነው ትላለች።

ወደ ላይ ወጥቼ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። የቀረጻውን ዝርዝር ከፈትኩ። አንድ ወር ሊኖር የሚገባው ቦታ ሦስት ቀን ብቻ አለ። ዓይኔን ጠራርጌ ደግሜ አየሁ። እያየሁት ከዝርዝሩ አናት ላይ ያለው መስመር ጠፋ፤ ሁለተኛው አንደኛ ሆነ። ትንሽ ቆይቶ እሱም ጠፋ።

የመግቢያውን ካሜራ አየሁ። ታች ሰው ገና አልተበተነም፤ እየተሳሳሙ፣ እየተጠያየቁ፣ ቀዩ የቀረጻ ምልክት እየበራ። ያኔ ገባኝ። ዲስኩ ሞልቷል፤ አዲስ ለማስገባት አሮጌውን ያጠፋል። የሞላውም የእኛ ሕንጻ ሰው በበር ስለማያልፍ ነው። የእኛ ሰው በር ላይ ይቆማል። እንደምን አደርክ፣ እንደምን ሰነበትክ፣ ቤቱስ፣ ልጆቹስ፣ በሠራዊት ያለው ልጅስ፣ ያ የጉልበትህ ነገርስ፤ ከዚያ ሌላው ወገን እንደገና ከመጀመሪያው ይጠይቃል። ሦስተኛ ሰው ከመጣ ሁሉም እንደ አዲስ ነው። ሩብ ሰዓት! እኔ ራሴ ከሁሉም የባስኩ ነኝ። የዛፍ ጥላ ፈልጌ የሩሲያን ስምንት ሰከንድ ለካሁና ለጎንደር ጎተራ ሠራሁ።

ዘልዬ ቀረጻውን አቆምኩት። ከጥፋት የተረፈውን የመጀመሪያውን ምስል ከፈትኩ።

ከሦስት ቀን በፊት፣ ረፋድ ላይ ነው። የካልኖዒቷ የኋላ ጎማ በበሩ እየወጣ ነው። አንዱ ሰው ከፊት ይጎትታል፤ ጀርባው ብቻ ይታያል። ሁለተኛው ከኋላ ይገፋል፤ ፊቱን አንድ የተገለጠ ራስ ሸፍኖታል። ራሱን የገለጠው ሽማግሌ በአንድ እጁ በሩን ወለል አድርጎ ይዟል፤ በሌላው እጁ ኮፍያውን አውልቆ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሳል።

ያኔ ትዝ አለኝ። በቀን ስንት ሰው በር እንደምከፍት እግዚአብሔር ይወቀው። የሥራ ልብስ ለብሰዋል፤ «ለጥገና ነው» አሉኝ። ልጃቸው የላከቻቸው መስሎኝ «በርቱ ልጆቼ» ብዬ ሸኘኋቸው። ፊታቸውን ወደ ካሜራው አድርገው የገቡበት ደቂቃ ደግሞ እኔ ታች ጥርሳቸውን ስቆጥር ጠፍቷል።

«ይኼ ኮፍያ ያንተ አይደለም?» አለች ሚስቴ ከኋላዬ። መግባቷን አልሰማሁም።

«ነው።»

«አጥፍተኸው ልትወርድ ነው?»

«ማን ነገረሽ?»

«ጣትህ።»

እውነት ነው፤ ጣቴ እዚያው ላይ ነበረች። መብራት ተቋርጦ ነበር ብል ማን ያውቃል? ነገር ግን የመኪና ማቆሚያውን ካሜራ ከፍቼ ነበር። ያው ደቂቃ እዚያም ተርፏል፤ ካልኖዒቷ ነጭ የጭነት መኪና ላይ ስትወጣ ይታያል፤ የታርጋው የመጨረሻ ሦስት ቁጥሮች ይነበባሉ። ያንን ለፖሊስ ልሰጥ ከሆነ ኮፍያዬም አብሮ መሄዱ ነው።

ሳጥኑንና ስክሪኑን ተሸክሜ እትዬ ቤት ወረድኩ። ሰው ሁሉ ተከትሎኝ ገባ። ሰማያዊው መብራት በራ። ዲስኩ የያዘው ሦስት ቀን ብቻ መሆኑን ተናግሬ አሳየኋቸው።

እትዬ መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«ይኼ ጎንበስ ያለው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«ሌባዬን እጅ ነስተህ ሸኘኸው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ምነው ምሳ ሳታበላው?»

ከወንድማቸው ሞት ወዲህ የሳቁት ያኔ ነው፤ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ልጃቸው ብቻ ቁምሳጥኑን ከፍታ ልብስ ማውጣት ጀመረች።

«ሦስት ቀን ስጪን» አልኳት።

«ዲስክህ የሚይዘውን ያህል?» አለችኝ በዕብራይስጥ። የነገርኳቸውን ሁሉ ሰምታለች ማለት ነው። ግን ሻንጣውን አልዘጋችውም።

በማግስቱ ፖሊስ መጣ። ምስሉን ሁለት ጊዜ አይቶ ጣቱን ስክሪኑ ላይ አሳረፈ።

«ይኼ ሽማግሌ ከእነሱ ጋር ነው? ታውቀዋለህ?»

«አውቀዋለሁ» አልኩ። «አፉ ይበዛል እንጂ ሌባ አይደለም።»

እጄ ላይ ያለውን ኮፍያ አየና መጻፉን ቀጠለ።

ሦስቱ ቁጥሮች በቁ። በሁለተኛው ቀን ካልኖዒቷን ከከተማው ዳር አንድ የአሮጌ ዕቃ ግቢ ውስጥ አገኟት፤ ባትሪዋ ወጥቷል፣ የቀረው ደህና ነው። ቁጥሮቹ የተነበቡት በፕሮሰሰሬ ብርታት መሆኑን ለሚስቴ ነገርኳት። ፀሐይ ስለነበረ ነው አለች። አዲሱን ባትሪ እኔ ልምረጥ ብዬ ጠይቄ ነበር፤ እትዬ ቴክኒሻን ጠሩ።

ባትሪው የተገጠመ ዕለት ልጃቸው አሁንም እዚያው ነበረች፤ ሻንጣው በሳሎኑ መካከል ክፍቱን ተቀምጧል። እትዬ ካልኖዒቷ ላይ ወጡ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ወደ መግቢያው በር መጡ። እኔ እንደ ልማዴ በሩን ልከፍት እጄን ዘረጋሁ።

«ቆይ» አሉኝ። «መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ አትጠይቅም?»

«ማን ነዎት?»

«የዚህ ቤት ሰው ነኝ» አሉ፤ ልጃቸው ከውስጥ እንድትሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

ከውስጥ የሻንጣው ልብስ ወደ ቁምሳጥኑ ሲመለስ የማንጠልጠያው ድምፅ ተሰማ። በሩን ከፈትኩላቸው።