ሃርድ ዲስክ ስንካፈል

እንጅባራ ቤታችን ያለው ኮምፒውተር አንድ ነው፤ የምንሻማበት ደግሞ እኔና ታናሽ ወንድሜ ጌትነት። እሱ በፊልም ስለሞላው እኔ ለተማሪዎቼ የማዘጋጀውን ቪዲዮ የማስቀምጥበት ቦታ አጣሁ። ባለፈው ቅዳሜ ፊልሞቹን በፍላሽ አወጣሁለትና ሃርድ ዲስኩን ለሁለት ከፈልኩት፤ አዲሱንም ክፍል ፎርማት አደረግሁት።

ጌትነት መጥቶ ሲያይ "ማን ፈቀደልሽ?" ብሎ አባባን ጠራ። አባባ በዘንገና አካባቢ ወንድማማቾች መሬት ሲካፈሉ የሚጠሩ ሽማግሌ ናቸው። ጋቢያቸውን ሰብስበው ስክሪኑ ፊት ተቀመጡና "ወሰኑን አሳዪኝ" አሉ። በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለችውን መስመር በጣቴ አሳየኋቸው።

"ማን ከፈለው?"

"እኔ ነኝ።"

"እንግዲያው ቀድሞ የሚመርጠው እሱ ነው።"

ደንባቸው ነው፤ የከፈለ ሰው የተረፈውን ይወስዳል።

ጌትነት ሁለቱን ደጋግሞ አየና ሰፊውን መረጠ። እኔ የከፋኝ ለመምሰል አንገቴን ደፋሁ፤ ሳቄ ግን ሊያመልጠኝ ነበር።

ወዲያው ፊልሞቹን ሊመልስ ሲሞክር ግማሾቹ እንኳ አልገቡለትም።

"አባባ፣ ክፍፍሉ ይፍረስልኝ" አለ። "ዊንዶውሱም ፕሮግራሙም ሁሉ የተጫነው እኔ ክፍል ላይ ነው፤ ቦታውን ጨርሶታል። ባዶውን የወሰደችው እሷ ናት።"

አባባ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አዩ።

"እሷ ባዶ መሬት ደርሷት ዝም ብላለች" አሉት። "አንተ ከነቤቱ ወስደህ ነው የምታለቅሰው?"