ውሃው የተመለሰበት የሩዝ ማሳ

ልጅ ሳለሁ ተረት የምሰማው ከእንቁራሪት ጩኸት ጋር ነበር። ቤታችን እስቴ ውስጥ ከአንድ ረግረጋማ ሜዳ አፋፍ ላይ ነበረ፤ አመሻሽ ላይ የአባቴ አክስት እማማ ጥሩወርቅ ከምድጃው ዳር ተቀምጠው ሲጀምሩ፣ ከታች ከሩዝ ማሳው የሚመጣው ጩኸት ድምፃቸውን ይሻማቸው ነበር። ኩራዙ ይጨሳል፤ እኛም ዓይናችንን እያሸን «ይቀጥሉ እንጂ!» እንላለን። ያኔ በተረቱ ውስጥ የነበሩት ሽመላና ዳክዬ ሲነጋ ማሳው ላይ ቆመው ስለምናገኛቸው፣ የተነገረን ሁሉ እውነት ይመስለን ነበር።

አድጌ መካነ ኢየሱስ ከተማ አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ፣ አንድ ክረምት ጎርፍ ውሃውን አግዶ የሚይዘውን የማሳውን ክትር ጣሰው። ውሃው በተከፈተው ቦረቦር ሾልኮ አለቀ። ባለማሳዎቹ ሩዙን ተዉት፤ መሬቱ ተሰነጣጠቀ፤ ከብት የሚጠጣበት ምንጭም ነጠፈ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለዓውደ ዓመት ስመለስ እማማ እንደ ድሮው ተረት ይዘው ነበር። የወንድሜ ልጅ ሰናይት ግን «ሽመላ ምንድን ነው?» አለቻቸው። እማማ እሳቱን ቆሰቆሱ። ተረቱም እዚያው ቀረ።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰው ሳይበተን እማማ ተነሥተው «ማሳው ውሃው ይመለስለት፤ ሽመላዎቹም ይምጡ!» አሉ። ሰፊውን ማሳ የያዘው አያ ካሴ ባሕር ዛፍ ሊተክልበት አስቦ ነበርና ሳቀ።

«ለወፍ ብዬ ነው እንዴ እማማ መሬቴን የማስተኛው?»

«ለወፍ ባይሆን ለላሞችህ! ውሃ ፍለጋ ገደል ሲወርዱ አታይም ካሴ?»

አያ ካሴ «እንግዲያስ ሞክሩት፣ አልከለክልም» አለ። በጋውን ድንጋይ እየተሸከምን ቦረቦሩን ደፈንን፤ ክትሩንም እንደገና ካብን። እሱ መጀመሪያ ዳር ቆሞ ያይ ነበር። ኋላ ግን «ኧረ እንዲህ አይካብም!» ብሎ ገባና ከሁላችን በላይ ደከመ።

ሐምሌ ላይ ጎርፉ እያጓራ ሲመጣ አፋፉ ላይ ተሰልፈን ትንፋሻችንን ያዝን። ውሃው ክትሩን ገፋው፤ ተንደረደረበት፤ ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሶ ማሳው ላይ ተኛ። ክትሩ ያዘ! ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት፤ አያ ካሴም ያን የሚያህል ሰውዬ ጭቃው ውስጥ ገብቶ ጨፈረ።

በተከታዩ ዓመት ከፊሉ ማሳ ሩዝ ተዘራበት፤ ከፊሉ ለውሃና ለሣር ተተወ። ምንጩ ፈለቀ። እንቁራሪቶቹ ቀድመው መጡ፤ ቀጥሎ ዳክዬዎች፤ በመጨረሻም ሽመላዎቹ ረጃጅም እግራቸውን እየጎተቱ ወረዱ።

አንድ ምሽት ሰናይት እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና ወደ ቤት ሮጣ ገባች።

«እማማ! ሽመላው እንቁራሪቷን ሊውጣት ሲል ከአፉ አመለጠችው!»

«ከዚያስ?» አሏት እማማ።

ከእማማ ተረቶች ብዙዎቹን ዛሬ ረስቻለሁ። ያቺ «ከዚያስ» ግን ከጆሮዬ አልጠፋችም። ዕድሜያቸውን ሁሉ ሲነግሩን የኖሩት ሴት በዚያ ምሽት አገጫቸውን በመዳፋቸው ደግፈው፣ እንደ ልጅ ዓይናቸው እያበራ፣ ሰናይት እስክትጨርስ ድረስ አዳመጧት።