አባቴ ያላደረባት ክፍል

ዘመድ ሲመጣባችሁ «የት ላሳድረው?» ብላችሁ ተጨንቃችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ዛሬ የተጨነቅሁት ለገዛ አባቴ ነው።

ሳይደውል ከጽጽቃ ሰቆጣ ገባ። ሥራ ከያዝሁ ወዲህ ሊጠይቀኝ ሲመጣ የመጀመሪያው ነው።

ግቢ ውስጥ አከራዬን እማማ ታደሉን ሲያገኝ፣ ለእኔ ያመጣውን ማር በሁለት እጁ ለእሳቸው ሰጠ። እኛ ዘንድ እንግዳ የያዘውን የሚሰጠው ለቤቱ እመቤት ነዋ። «ልጄን ስላስጠጉልኝ እግዜር ይስጥልኝ» አላቸው። ኪራይ መሆኑን ረስቶታል።

እማማም መርቀው ተቀበሉት። (ምርቃት ከወጣለት በኋላ ማር ይመለስልኝ አይባል ነገር።)

ከዚያ ወደ እኔ ዞር አሉ። «አባትህ የት ሊያድሩ ነው? የተስማማነው ለአንድ ሰው ነው። ውሃውም አልበቃን። ላንተ ብፈቅድ ሌሎቹ ተከራዮች ምን ይሉኛል?»

አልተከራከርሁም። ይህችን ክፍል ብለቅ በእኔ ደመወዝ የሚገኝ ሌላ ቤት የለም።

አባቴ ሰምቶ ኖሮ ጋቢውን አጣፋ። «እኔ እኮ ቤት ያለህ መስሎኝ ነው የመጣሁት። ለካ አንተም እንግዳ ነህ» አለኝ። አልተቀየመም፤ አዘነልኝ እንጂ።

ከሰዓት በሚወጣው መኪና ተመለሰ።

አሁን ፍራሼ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ጠጋ ጠጋ ብንል ለሁለት ይበቃን ነበር። አንድ ቀን ማንንም ሳላስፈቅድ አሳድረዋለሁ፤ ተስፋ አልቆረጥሁም።

እናንተ ተከራዮች፣ አባት እናት ሲመጡባችሁ ምን አደረጋችሁ? እስኪ ጻፉልኝ፤ ዛሬ የሚያዋራኝ ሰው እፈልጋለሁ።