ጋሽ ጳውሎስና ደጋግመን የያዝነው ሸርጣን

ወሬ ሲደርሰኝ መጀመሪያ «ማን አለ?» ብዬ እንደምጠይቅ የምታውቁኝ ታውቃላችሁ። ዛሬ ጠዋት ግን ደውላ የነገረችኝን ጓደኛዬን አላመንኳትም። ስልኩን ዘግቼ ለሌላ ሰው ደወልኩ። እሱንም አላመንኩትም።

የጂንካው ጋሽ ጳውሎስ አርፏል።

እንዴት ነው የሚሞተው? ባለፈው ሳምንት እኮ ስለ ጉልበቱ ሲያማርርልኝ ነበር። የሚያማርር ሰው የሚሞት አይመስለኝም ነበር።

ለማታውቁት ላስተዋውቃችሁ። በደርግ ዘመን ጂንካ አስተማሪ ሆኜ ስመደብ ግቢው ውስጥ አንድ ክፍል ያከራየኝ ሰው ነው። እርሻ መሥሪያ ቤት ነበር የሚሠራው። ሳሎኑ ውስጥ፣ ከመስኮት መስታወት ቆርጦ በስቱኮ ያጣበቀው አንድ የዓሣ ገንዳ ነበረው። ዓሣዎቹ ከኦሞራቴ በጀሪካን የመጡ የቆሮሶ ጫጩቶች ናቸው። ድንጋዩን ከነሪ ወንዝ ራሱ ለቅሞ ደርድሮታል።

ታዲያ ገንዳው ለጌጥ ብቻ አልነበረም። ጸሎት ቤታችንን ቀበሌው አሽጎት ነበር። ሰው ሰብሰብ ካለ ያስጠይቃል። «ዓሣ ልናይ ነው» ብሎ መግባት ግን ማን ይከለክላል? እሁድ እሁድ ገንዳውን ከበን እንቀመጥና፣ ዓይናችንን ሳንጨፍን፣ ዓሣዎቹን እያየን እንጸልያለን። ለምደነው ነበር።

ከዚያ ዓሣዎቹ መጥፋት ጀመሩ። ለካስ ከወንዝ በመጣው ባለ ቀዳዳ ድንጋይ ውስጥ አንድ ሸርጣን ተደብቆ ገብቷል።

ይህን ባወቅንበት እሁድ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ይርጋ ሳያንኳኳ ገባ።

«ይሄ ሁሉ ሰው ምን ይሠራል?»

ጋሽ ጳውሎስ ጣቱን ወደ ገንዳው ቀሰረ። «ሸርጣን አስቸግሮን ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር። እየተመካከርን ነው።»

ጓድ ይርጋ ጎንበስ ብሎ በመስታወቱ አየ። ሸርጣኑ አንድ ጫጩት ይዞ ወደ ቀዳዳው እየጎተተ ነበር። ሰውየው ኮፍያውን አወለቀ። «ይሄማ ቀንደኛ አድሃሪ ነው» አለና ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

በሚቀጥለው እሁድ ብርጭቆና ቁራጭ ሥጋ ይዞ መጣ። ሥጋውን ብርጭቆው ውስጥ ጨምሮ ድንጋዩ ላይ አጋድሞ አስደገፈው። ሸርጣኑ ሥጋውን ብሎ ገባ። መውጣት ግን አልቻለም፤ ብርጭቆው ያንሸራትተዋል። ጓድ ይርጋ ሸርጣኑን ባልዲ ውስጥ ገለበጠው፤ አጨበጨብን።

«በቃ፣ አለቀ» አለ ጓድ ይርጋ እጁን እየጠረገ። «ከእንግዲህ ስብሰባ አያስፈልጋችሁም።»

ያን ጊዜ ነው ጭንቅ የመጣው። ሰውየው እንደወጣ ሁላችንም ባልዲው ውስጥ ያለውን ሸርጣን አየን። ማን ቀድሞ እንደተናገረ አላስታውስም። «መልሰው» ተባለ። ጋሽ ጳውሎስ መለሰው።

«ሌላ ተገኘ፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ሌላ? ቆይ እኔ አሳየዋለሁ።»

እንዲህ ሆነና በጋው አለቀ። ጓድ ይርጋ ይይዛል፣ እኛ እንመልሳለን። «የሸርጣን ኮሚቴ» ብሎ ፈቃድ ሰጠን፤ እኔን ጸሐፊ አደረገኝ። ጠዋት እንጸልያለን፣ ከሰዓት እሱ ብርጭቆውን ይዞ ይመጣል። ከሄደ በኋላ አካሄዱን እያስመሰልን ስንስቅ ሆዳችንን ያመን ነበር። በተለይ እኔ ጎበዝ ነበርኩ።

ጋሽ ጳውሎስ አይስቅም። አንድ ቀን «ሰውየው እኮ ከልጆቹ ወጥ ላይ ቀንሶ ነው ሥጋ የሚያመጣልን» አለ። ከዚያ አንዱ እንደገና አስመሰለና ሳቅን።

ደርግ ወደቀ፣ ጸሎት ቤቱ ተከፈተ። ጓድ ይርጋ ሥልጣኑ ቀርቶ ጂንካ አቅራቢያ ገዘር ገብቶ ማረስ ጀመረ። ጋሽ ጳውሎስ «ሄደን እውነቱን እንንገረው» አለ።

«ተወው እንጂ ጋሼ፤ ጸሎት ቤት ያሸገ ሰው አይደል?» አልኩት።

«ባሸገው እሱ ይጠየቅበት። እኔ የምጠየቀው በሸርጣኑ ነው።»

ይቺን ቃል ከዚያ ወዲህ ስንቴ ሰማኋት! የሰው ጥፋት ስቆጥርለት «አንቺ የምትጠየቂው በሸርጣኑ ነው» ይለኛል።

ገዘር ብቻውን ሄደ። ከእኛ አንዱ ልጅ ታሞበት ነበር፣ አንዷ እንግዳ መጥቶባታል፣ እኔ የፈተና ወረቀት ማረም ነበረብኝ። ሲመለስ ምን እንዳለው ጠየቅነው።

«ሻይ አዘዘልኝ። ነገርኩት። ‹ሁሉም አንድ ሸርጣን ነበር?› አለኝ። አዎ አልኩት። ‹ለልጆቼ ስንቱን እንደያዝኩ ስፎክር ነበር› አለና ተነስቶ ሄደ።»

ከዚያ በኋላም በየዓመቱ ይሄድ ነበር። አንዳንዴ በር ይከፍትለታል፣ አንዳንዴ የለም ያስብላል። ይቅር ብዬሃለሁ ግን አላለውም።

ዛሬ የጓድ ይርጋን ቁጥር አፈላልጌ ደወልኩ። በጣም አርጅቷል።

«ማን ልበል?»

«የሸርጣን ኮሚቴ ጸሐፊ ነበርኩ፣ ጋሽ ይርጋ። ጋሽ ጳውሎስ አረፈ።»

«ሬዲዮኑን ዝጉት» ሲል ሰማሁት።

«ቀብሩ መቼ ነው?»

«ነገ ከሰዓት።»

«እመጣለሁ። ቂሙን ከተውኩለት ቆይቻለሁ፤ ልነግረው ስል አፌን እያሰረኝ ነው እንጂ።» ከዚያ ጠየቀኝ፦ «እሱስ መጣ። እናንተ ሌሎቻችሁ የት ነበራችሁ?»

«የፈተና ወረቀት ሳርም ነበር» ማለት አፈርኩና ለሌሎቹ መደወል ጀመርኩ።

ጋሼ፣ ይኸው ከአርባ ምንጭ ልነሳ ነው። በሕይወት ያለነውን ሁሉ ደውዬ ቀስቅሻለሁ፤ ልጅ የታመመበት፣ እንግዳ የመጣበት የለም። ነገ ሰውየው ፊት እንቆማለን። ያን ሁሉ ዓመት የእኛንም ጭምር ተሸክመህ ገዘር ስትመላለስ አንድም ቀን አልወቀስከንም። ሰውየው ትቶልሃል፤ ሳትሰማው ሄድክ እንጂ። ጉልበትህን አሳርፈው። የቀረውን መንገድ እኛ እንሄድልሃለን። ደህና ሁን፣ ጋሼ።